የህንድ ሽመና ለሙቀት ልብስ፦ ጨርቅ ከመምረጥ እስከ ማጠብ

ሙቀት ሲመጣ ብዙ ሰው የሚጨነቀው ለቀለም ነው። ነጭ ይለበስ፣ ጥቁር ይቅር ይላል። ነጭ ፖሊስተር ለብሶ ጀርባው በላብ የሚርስ ሰው ግን ሞልቷል። ዋናው ነገር ጨርቁ ነው። ህንድ ውስጥ በእጅ የሚሸመነው ጥጥ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር ሰው ቀኑን ሙሉ ለብሶት ሲሠራ ኖሯል። ለሰመር ከእሱ የተሻለ ጨርቅ ማግኘት ይከብዳል።

ችግሩ የሚመጣው ከተገዛ በኋላ ነው። ሰው ይህን ጨርቅ ይገዛና እንደ ፋብሪካ ጨርቅ ያሰፋዋል። ሳይታጠብ ይቆረጣል፣ ሰውነት ላይ ጥብቅ ተደርጎ ይሰፋል፣ ፖሊስተር ገበር ይገባበታል። በመጀመሪያው እጥበት ያጥራል፣ ብብቱ ላይ ይተረተራል። ከዚያ "የህንድ ጨርቅ አይረባም" ይባላል። ጨርቁ ምንም አላጠፋም፤ አያያዙ ነው።

ከዚህ በታች ያለው አንድ ቀለል ያለ ቀሚስ ወይም ሸሚዝ ለመስፋት ነው። ራሳችሁ ባትሰፉም አንብቡት። ልብስ ሰፊ ጋ ስትሄዱ ምን ብላችሁ እንደምታዙ ታውቃላችሁ።

ደረጃ 1፦ ጨርቁን መለየት

ሱቅ ገብቶ "የህንድ ሽመና አለ?" ማለት ብቻ አይበቃም። ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ሁሉም ለሁሉም አይሆንም።

ካዲ የሚባለው በእጅ ተፈትሎ በእጅ የተሸመነ ነው። ሁለቱም መሟላት አለባቸው። ማሽን የፈተለው ክር በእጅ ቢሸመን የእጅ ሽመና ነው እንጂ ካዲ አይደለም። የእኛ ሸማ ዛሬ በአብዛኛው ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ የእጅ ፈትል ነው። ካዲ ግን ድሩም ማጉም የእጅ ፈትል ነው። ጋንዲ አህመዳባድ አጠገብ ሳባርማቲ ሆነው ሰዉ የእንግሊዝን የፋብሪካ ጨርቅ ትቶ ራሱ እንዲፈትል የቀሰቀሱበት ጨርቅ ይኸው ነው። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመን የክሩ ጠባይ ነው። በእጅ የተፈተለ ክር አንድ ቦታ ይወፍራል፣ ሌላ ቦታ ይሳሳል። ብዙም አልከረረም። ስለዚህ ውስጡ አየር ይይዛል፣ ላብ ይጠጣል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ቆዳ ላይ አይጣበቅም።

ማንጋላጊሪ የአንድራ ፕራዴሽ ጨርቅ ነው። መደቡ አንድ ቀለም፣ ጠርዙ ላይ ወርቃማ ወይም ባለቀለም ጥበብ ያለው ነው። ጠቅጠቅ ብሎ ስለሚሸመን ገላ አያሳይም፤ ገበር አይፈልግም። ፖቻምፓሊ ከቴላንጋና ይመጣል። ኢካት የሚባለው ሥራ ነው፤ ክሩ ከመሸመኑ በፊት እየታሰረ ይነከራል፣ ስለዚህ የሥዕሉ ዳር ትንሽ የተሟሸሸ ይመስላል። ማድራስ የሚባለው ባለመስመርና ባለካሬ ጥጥ ስሙን ያገኘው ድሮ ማድራስ ትባል ከነበረችው ከዛሬዋ ቼናይ ነው፤ ለወንድ ሸሚዝ ተወዳዳሪ የለውም።

ስስ የሚባሉት ደግሞ አሉ። ኮታ ዶሪያ ራጃስታን ውስጥ ካይቱን በምትባል ቦታ ይሸመናል። ጥጥና ሐር ተቀላቅሎ ትናንሽ ካሬ እያወጣ ስለሚሠራ ብርሃን ያሳልፋል። ቻንደሪና ማሄሽዋሪ የማድያ ፕራዴሽ ናቸው፤ ብዙውን ጊዜ ድራቸው ሐር፣ ማጋቸው ጥጥ ነው። ያምራሉ፣ ቀላል ናቸው፣ ግን ለመስፋት ያስቸግራሉ። ሙልሙል የሚባለው በጣም ለስላሳ ስስ ጥጥም አለ። ገበያ ላይ ያለው ሙልሙል ብዙው የፋብሪካ መሆኑን ልብ በሉ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክሩ ከሆነ መካከለኛ ውፍረት ያለው ካዲ ወይም ማንጋላጊሪ ውሰዱ። ለሸሚዝና ለቀሚስ በካሬ ሜትር ከ100 እስከ 140 ግራም የሚመዝን ጥሩ ነው። ሱሪ ከሆነ ወፈር ያለ፣ ወደ 200 ግራም። ሻጩ "ካውንት" እያለ ቁጥር ቢጠራላችሁ፣ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ክሩ ቀጭን ነው ማለት ነው። በቀጭን ካዲ ከታወቁት ቦታዎች አንዷ ፖንዱሩ ናት፤ እዚያ ፈታዮች ጥጡን የሚያበጥሩት ቫሉጋ በሚባል ዓሣ የመንጋጋ አጥንት ነው። ያን ጨርቅ ካገኛችሁ ለልብስ ሰፊ ሳይሆን ለራሳችሁ እጅ አቆዩት። ቻንደሪን ለሁለተኛው ወይም ለሦስተኛው ልብስ ተዉት።

ደረጃ 2፦ መግዛት

የህንድ ጥጥ ወደ እኛ ወደብ መምጣት የጀመረው ዛሬ አይደለም። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ የባሕር ነጋዴዎች መመሪያ ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል የህንድን የጥጥ ጨርቅ ይጠቅሳል። ዛሬ ለሕክምና ወይም ለትምህርት ህንድ የሚሄድ ዘመድ የሌለው ሰው ጥቂት ነው። ዴልሂ ለሚሄድ ኮኖት ፕሌስ ያለውን የካዲ መደብር፣ ቼናይ ለሚሄድ ኮ-ኦፕቴክስን ንገሩት። ኮ-ኦፕቴክስ በ1935 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የተቋቋመ የታሚል ናዱ ሸማኔዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። የጋንዲ ልደት መስከረም መጨረሻ ላይ፣ በእነሱ ኦክቶበር 2 ይውላል፤ በዚያ ሰሞን የካዲ መደብሮች ቅናሽ የማድረግ ልማድ አላቸው። ዱባይ ያላችሁ ቡር ዱባይ የጨርቃ ጨርቅ ገበያ ቅርባችሁ ነው፤ ግን እዚያ ከተደረደረው ብዙው የፋብሪካ ስለሆነ መለየት መቻል አለባችሁ።

መጀመሪያ ምልክቱን ፈልጉ። የህንድ መንግሥት ለእጅ ሽመና "ሃንድሉም ማርክ" የሚባል ምልክት ከ2006 ጀምሮ ይሰጣል። ለካዲ ደግሞ "ካዲ ማርክ" አለ፤ ደንቡ የወጣው በ2013 ነው። ምልክት ከሌለ በእጅና በዓይን ፈትሹ።

የጨርቁን ጠርዝ ያዙና አቅርባችሁ እዩት። መወርወሪያ ባለው መሸመኛ የተሠራ ከሆነ የማጉ ክር ጠርዙ ጋ ደርሶ ይታጠፍና ይመለሳል፤ ጠርዙ ዝግ ነው። መወርወሪያ የሌለው ዘመናዊ ማሽን የሠራው ግን ክሩ እየተቆረጠ ዳር ላይ እንደ አጭር ዘርፍ ይቀራል። ዘርፍ ካያችሁ የእጅ ሥራ አይደለም። ዝግ ጠርዝ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ የቆየ ማሽንም እንዲያ ይሠራልና። ስለዚህ ጠርዙን ተከትላችሁ ትናንሽ የመርፌ ቀዳዳዎች ፈልጉ። ሸማኔው ጨርቁ እንዳይጠብበት በወርዱ የሚወጥርበት እንጨት ጫፉ ላይ መርፌ አለው፤ እየነቀለ ወደፊት ሲያዛውረው ቀዳዳው ይቀራል። ከዚያ ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሱት። ወፈር ሳሳ የሚል ክር እዚህም እዚያም ካያችሁ ጥሩ ምልክት ነው። ወጥ የሆነ፣ አንድም ጉድለት የሌለበት ጨርቅ "የእጅ ነው" ብሎ የሚምል ሻጭ ግን አትመኑ።

ኢካት ስትገዙ ገልብጣችሁ እዩ። እውነተኛው ፊቱም ጀርባውም እኩል ቀለም አለው። ጀርባው ከፈዘዘ የታተመ ነው።

ጥጥ መሆኑን ለማረጋገጥ ከዳር አንድ ሁለት ክር ስባችሁ በክብሪት አቃጥሉ። ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይበናል። ፖሊስተር ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። ሱቅ ውስጥ ክብሪት ከመጫራችሁ በፊት ባለቤቱን አስፈቅዱ እንጂ።

ስንት ሜትር? የእጅ ሽመና ወርዱ ጠባብ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ90 እስከ 120 ሴንቲ ሜትር። በ112 ሴንቲ ወርድ ለመካከለኛ ሰውነት አጭር እጅጌ ሸሚዝ 2 ሜትር ከሩብ፣ ከጉልበት በታች የሚወርድ ሰፊ ቀሚስ 3 ሜትር ይፈጃል። በዚያ ላይ ቢያንስ 25 ሴንቲ ጨምሩ። ለምን እንደሆነ አሁን ይመጣል።

ደረጃ 3፦ ሳይቆረጥ ማጠብ

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። ጨርቁ ሳይታጠብ መቀስ አይንካው።

ሸማኔው ድሩ እንዳይበጠስበት ክሩን በሩዝ ወይም በሌላ ስታርች ያጠነክረዋል። ስትገዙት ደረቅ ያለ፣ ቀጥ ብሎ የሚቆም ጨርቅ የሚመስለው ለዚያ ነው። ስታርቹ ሲለቅ ክሩ ይላላል፣ ጨርቁም ይሰበሰባል። ከመቶ 3 እስከ 5 እጅ መሰብሰብ የተለመደ ነው፣ አንዳንዱ ከዚያም ያልፋል። 3 ሜትር ላይ 5 እጅ ማለት 15 ሴንቲ ነው። የተሰፋ ቀሚስ ላይ ቢሆን ከጉልበት በታች የነበረው ከጉልበት በላይ ሆነ ማለት ነው።

እንዲህ አድርጉ። ርዝመቱንና ወርዱን ለክታችሁ ጻፉ። የተቆረጡትን ሁለት ጫፎች እንዳይተረተሩ ሰፋ ሰፋ አድርጋችሁ ቀምቅሟቸው። ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፉት፤ ቢያንስ ግማሽ ቀን፣ ቢያድር ይመረጣል። ውሃው ይደፈርሳል። ያ ስታርቹ ነው። ድፉትና በለብታ ውሃ በትንሽ ለስላሳ ሳሙና እጠቡት። ውሃው እስኪጠራ አለቅልቁ። አትጭመቁት፤ ጠምዝዛችሁ ስትጨምቁት ድርና ማጉ ይጣመማል። ተንጠፍጥፎ ጥላ ላይ ይሰጣ። ትንሽ እርጥበት ሳለው በጋለ ካውያ ተኩሱት። አሁን እንደገና ለኩት። ካዲ ከሆነ አንድ ጊዜ ማጠብ አይበቃውም፤ ሁለተኛ እጠቡትና ልዩነት ከሌለ ብቻ ወደ መቀስ ሂዱ።

ቀለም ለብቻው ጉዳይ ነው። ነጭ ጨርቅ አርሳችሁ ጠርዙን ፈትጉት። ነጩ ላይ ቀለም ከወጣ ሌላ ልብስ ጋር አይታጠብም። ጨው ወይም ኮምጣጤ ቀለም ያጸናል ይባላል። ክሩን በደንብ ያልያዘ ቀለም በጨው አይያዝም፤ ትርፉን ቀለም በማጠብ መጨረስ ነው የሚሻለው። ኢንዲጎ የሚባለው ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ደግሞ የራሱ አመል አለው። ውሃው ጠርቶም ቢሆን በመፋተግ ይለቃል፣ ምክንያቱም ቀለሙ በአብዛኛው የክሩ ላይኛ ክፍል ላይ ነው የሚቀመጠው። ነጭ ቦርሳ አታንግቱበት፣ ነጭ ሶፋ ላይም አትቀመጡ። በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የማድራስ ሸሚዝ "ቀለሙ እንደሚለቅ ዋስትና እንሰጣለን" ተብሎ ይተዋወቅ ነበር። ጉድለቱን ውበት አድርገው ሸጡት። ነጋዴ ማለት እንዲህ ነው።

ደረጃ 4፦ ቅርጹን መወሰን

የእጅ ሽመና መወጠር አይወድም። ክሩ ስላልከረረ ስፌቱ ሲሳብ ድርና ማጉ ይከፈታል፤ በተለይ ብብት፣ ትከሻና መቀመጫ ላይ። ስለዚህ ጥብቅ ቀሚስ፣ እርሳስ ቀሚስ፣ ስኪኒ ሱሪ እርሱት። ከደረት ልካችሁ ቢያንስ ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሰፋ ያለ ቅርጽ ምረጡ። ለሙቀቱም የሚበጀው ይኸው ነው። ጨርቁ ከገላ ራቅ ሲል አየር ይገባል።

ስፌት ባነሰ ቁጥር ልብሱ ይዋጣለታል። ከትከሻ ቀጥ ብሎ የሚወርድ፣ ጎኑ ላይ የተሰነጠቀ፣ እጅጌው ቀጥ ያለ። ኩርታ የሚባለው የህንድ ረጅም ሰፊ ሸሚዝ ይህን ከጥንት ያውቃል። ብብት ሥር አንዲት ትንሽ አራት ማዕዘን ቁራጭ ይገባበታል፤ እጃችሁን ስታነሱ የሚወጠረው እሷ ናት፣ ስፌቱ አይደለም። ልብስ ሰፊያችሁ ይህን ካላወቀ 10 በ10 ሴንቲ የሆነ ካሬ ቆርጣችሁ አሳዩት። የግድ ኩርታ መሆን የለበትም፤ ካሬዋ ተራ ሸሚዝም ላይ ትገባለች።

ዘመናዊ እንዲሆን ብዙ መድከም አያስፈልግም። ኮሌታ የሌለው ሸሚዝ ከጂንስ ጋር፣ ካዲ ሱሪ ከቲሸርት ጋር፣ ባለካሬ ማድራስ ቀሚስ ከነጭ ስኒከር ጋር። አንዱን የእጅ ሽመና፣ ሌላውን ተራ አድርጉት። ከላይ እስከ ታች ኢካት ከለበሳችሁ ግን ሰው እናንተን ሳይሆን ልብሱን ነው የሚያየው።

ሳሪን ቆርጦ ቀሚስ ማሰፋት የሚፈልጉ ብዙ ናቸው። እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ሳሪ ርዝመቱ 5 ሜትር ተኩል ገደማ፣ ወርዱ 115 ሴንቲ ገደማ ነው። ጥበቡ የሚሄደው በርዝመቱ ዳር ዳር ነው። ጥበቡ ቀሚሱ ታች ላይ እንዲውል ከፈለጋችሁ ጨርቁን አዙራችሁ በወርዱ መቁረጥ አለባችሁ። ያኔ የቀሚሱ ርዝመት ከ115 ሴንቲ አያልፍም። ታቹም ቀጥ ያለ መሆን አለበት፤ ክብ አድርጋችሁ ከቆረጣችሁ ጥበቡ አብሮ ይቆረጣል። ስፋቱን በቅድ ሳይሆን ወገብ ላይ በሽብሽቦ አምጡት። ፓሉ የሚባለውን ያጌጠ ጫፍ ደግሞ ለጀርባ ወይም ለእጅጌ አስቀሩት። ያረጀ ሳሪ ከሆነ መጀመሪያ ወደ ብርሃን አንስታችሁ የሳሳውን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርጉበት፣ ቅዱ እዚያ ላይ እንዳይውል።

ደረጃ 5፦ መቁረጥና መስፋት

ጨርቁ ቀጥ ብሎ መቆረጡን በዓይን አትገምቱ። ጫፉ አካባቢ አንድ የማግ ክር በመርፌ አንሱና ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ክሩ ሲወጣ ጨርቁ ላይ ቀጭን መስመር ይተዋል። በዚያ መስመር ቁረጡ። ይህን ያልተደረገለት ቀሚስ ከሁለት ሦስት እጥበት በኋላ ወደ አንድ ጎን ይዞራል።

ባለካሬ ጨርቅ ላይ ካሬዎቹ ሁሉ እኩል አይሆኑም፤ የሸማኔው እጅ ጠዋትና ማታ አንድ ዓይነት አይመታም። ስለዚህ ከላይ እስከ ታች ለማጋጠም አትሟገቱ። ደረት ላይ አጋጥሙ፣ ልዩነቱ ወደ ታች ይውረድ።

ለስፌት የምትተዉት ትርፍ ከ1 ሴንቲ ተኩል እስከ 2 ይሁን። ለስስ ጨርቅ 70 ቁጥር መርፌ፣ ለመካከለኛ ካዲ 80 ይበቃል። አዲስ መርፌ ይሁን፤ የዶለዶመ መርፌ ክር ይስባል። የስፌቱን እርምጃ 2 ሚሊ ሜትር ተኩል ላይ አድርጉት። በጣም ካጠረ ጨርቁን በስቶ በስቶ ያደክመዋል። ክሩ ቀጭን ጥጥ ቢሆን እመርጣለሁ። ጠንካራ የፖሊስተር ክር በለስላሳ ጨርቅ ላይ ሲሳብ የሚሸነፈው ጨርቁ ነው።

ልብስ ሰፊው "ኦቨርሎክ (ጠርዙን በክር የሚጠቀልለው የማሽን ስፌት) ይበቃዋል" ይላችኋል። ለማንጋላጊሪ ይበቃ ይሆናል። ለካዲ፣ ለኮታና ለቻንደሪ ግን የተቆረጠው ጠርዝ ውስጥ የሚቀበርበትን ስፌት እዘዙ። አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለቱን ቁራጮች ጀርባ ለጀርባ፣ ማለትም ፊታቸው ወደ ውጭ እንደሆነ አድርጋችሁ ከጠርዙ ግማሽ ሴንቲ ገባ ብላችሁ ስፉ። ትርፉን ወደ 3 ሚሊ ሜትር ከርክሙት። አሁን ገልብጡና ፊት ለፊት አድርጋችሁ ከ1 ሴንቲ ባላነሰ እንደገና ስፉ። የተከረከመው ጠርዝ በሁለቱ ስፌቶች መሃል ይታፈናል። ክር አይወጣም፣ ውስጡም እንደ ውጩ ንጹሕ ይሆናል።

ኮሌታና የቁልፍ መስመር ውስጥ ሙጫ ያለው ጠንካራ ጨርቅ አታስገቡ። ሲታጠብ ካዲው በአንድ በኩል፣ እሱ በሌላ በኩል እየተሰበሰበ አረፋ ያወጣል። ከራሱ ከጨርቁ ሌላ እጥፍ አስገቡ። ገበር የሚያስፈልገው ለስሶቹ ብቻ ነው፣ እሱም ታጥቦ የተሰበሰበ ሙልሙል ይሁን። ፖሊስተር ገበር ካስገባችሁ ከላይ ያለው ቻንደሪ ለጌጥ ቀረ፤ ገላችሁን የሚነካው ፖሊስተሩ ነው። ስልክ የሚያዝበት ኪስ ስስ ጨርቅ ላይ አይሰፋም።

ደረጃ 6፦ ከለበሱት በኋላ

ላብ የደረቀበትን ሳያጥቡ መልበስ ጥጡን ያደርቀዋል፣ ቀለሙንም ያጠፋል። ስታወልቁ ቢያንስ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት። ማሽን ይቻላል፦ ገልብጣችሁ፣ በመረብ ቦርሳ፣ በ30 ዲግሪ፣ በለስላሳው ፕሮግራም። ማድረቂያ ማሽን ግን አይሆንም። በረኪና ነጩም ላይ ቢሆን አታፍስሱ። ባለቀለሙ ጥላ ላይ ይሰጣ።

ካዲ ይጨማደዳል። ከመጀመሪያ እጥበት ይልቅ ከአሥረኛው በኋላ ይለሰልሳል፣ ጭምድዱም ይቀንሳል፣ ግን ጨርሶ አይተውም። ቀጥ ብሎ እንዲውል ለሚፈልግ ሰው የሩዝ ውሃ ቀጠን አድርጎ መጨረሻ ላይ ማለቅለቅ፣ እርጥቡን ሳለ መተኮስ ነው። እኔ ቢሮ ለመሄድ ካልሆነ አልተኩሰውም። ወርቃማ ክር ያለበትን ጥበብ በጀርባው፣ ሌላ ጨርቅ ጣል አድርጋችሁበት ተኩሱ።

ሙቀቱ አልፎ ስታስቀምጡት የሩዙን ውሃ አጥባችሁ አውጡለት፤ ነፍሳት የሚስበው ስታርች ነው። በደንብ ይድረቅ። ፌስታል ውስጥ አይግባ፣ በአሮጌ ነጠላ ወይም አንሶላ ጠቅልሉት። ቻንደሪና ወርቃማ ጥበብ ያለው ከሆነ በየሁለት ሦስት ወሩ አውጥታችሁ በሌላ መስመር እጠፉት፤ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ የታጠፈ ሐር የሚሰነጠቀው እጥፋቱ ላይ ነው።